ጉድለቱም ይነገር

ፈረስ ሻጭ ሁሉ የፈረሱን ጥርስ ከፍቶ ያሳያል፤ ሰኮናውን አንስቶ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። በድሮ ጊዜ ዳንግላ ገበያ ላይ ሰኮና የሚያሳዩ አባትና ልጅ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። ምሳሌ ስም አይፈልግም፤ ደግሞስ ብጠራው ከዳንግላ እስከ እንጅባራ «እሱማ የእኛ ቤት ሰው ነው» እያለ የሚነሳብኝ ብዙ ነው።

አባትየው ፈረሰኛ ነበር። አዊ ውስጥ ፈረስ ተራ ከብት አይደለም። ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ሟች ይሸኝበታል፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ለጊዮርጊስ በግላስና በመጣብር ተሸልሞ እንጅባራ ሜዳ ላይ ይጋለብበታል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ። ማኅበሩ የሚያስበው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱትን ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ተሸክመዋቸው የሄዱትን ፈረሶችም ነው። ፈረስን ለማሰብ ማኅበር ባቋቋመ አገር የፈረስን ጉድለት ደብቆ መሸጥ እንደ ቀላል ማታለል አይታይም። በሽምጥ ላይ የሚሰናከል ፈረስ ጌታውን ይገድላላ።

ልጁ ለአቅመ ገበያ ሲደርስ አባቱ የአንድ ዳማ ፈረስ ልጓም አስጨበጠውና «ዛሬ አንተ ሽጠው» አለው። ልጁ ድምፀ መረዋ ነበር። የፈረሱን አንገት አመሰገነ፣ ደረቱን አመሰገነ፣ ሶምሶማውን አመሰገነ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጥርሱን አየ፣ ጅራቱን ጎተተ፣ ጉልበቱን ዳበሰ፣ ከንፈሩን ነክሶ ትንሽ አሰበና ሄደ። ሌላው መጣ፤ እሱም አይቶ ሄደ። እስከ ቀትር ድረስ ዋጋ የጠራ ገዢ እንኳ አልነበረም።

«ውሃ እንደሚፈራ ተናግረሃል?» አለ አባትየው።

«አልተናገርኩም።»

«እንግዲያው ምኑን ስትሸጥ ነበር?»

ይህን ብሎ አባትየው ራሱ ጉቶ ላይ ወጣና በአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ጮኸ። «ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይህ ፈረስ ውሃ ይፈራል። ወንዝ ማዶ ሚስት ያለው ሰው እንዳይገዛው!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወንዝ የማያቋርጥ አንድ የሜዳ አገር ገበሬ ልጁ ጠዋት በጠራው ዋጋ ሳይከራከር ወሰደው።

ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ አባትየው እንዲህ አለው። «ገዢ ወደ ፈረስህ ሲመጣ የሚፈልገው ጉድለቱን ነው። ካልነገርከው እስኪመሽ ሲፈልግ ይውላል፤ አንተ የምታወራው አንዱም ጆሮው አይገባም። ስትነግረው ግን ፍለጋውን ይተዋል። ያን ጊዜ ሙገሳህን ይሰማል።»

የማስታወቂያን ሥራ ከዚህ ባጠረ ቃል ያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ዳንግላ ያኔም እንግዳ የለመደች ከተማ ነበረች፤ እንግሊዛዊው ቆንስል ሮበርት ቺዝማን በ1918 ዓ.ም. መጥቶ ለዓመታት ተቀምጦባት፣ ጣናንና ዓባይን እየዞረ ያጠናው ከእሷ እየተነሳ ነው። ልጁም ከእንግዶቹ የአዲስ አበባን ወሬ ሲሰማ አደገና አንድ ቀን ድምፁን ይዞ ወደዚያው ሄደ። በዚያ ዘመን ጋዜጣ አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ገና መጀመሩ ነው። ውብሸት ወርቃለማሁን የመሰሉ ፈር ቀዳጆች ማስታወቂያን ራሱን የቻለ ሙያ አድርገው ለማቆም ደፋ ቀና ይሉ ነበር። የዳንግላው ልጅም ተላላኪ ሆኖ ገባ፤ ቀጥሎ ጸሐፊ ሆነ፤ በመጨረሻ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠ።

የመጀመሪያ ሥራው የጫማ ማስታወቂያ ነበር። «ይህ ጫማ የመጀመሪያውን ሳምንት ይቆነጥጣል» ብሎ ጀመረ። «ከዚያ በኋላ አምስት ክረምት አብሮዎት ይከርማል።» ባለሱቁ በማግስቱ እየጮኸ መጣ። ጫማዬን ሰደብከው፣ ገንዘቤን ከፍዬ አሰደብኩት አለ። ወሩ ሲያልቅ ያው ባለሱቅ ቀስ ብሎ በሩን አንኳኳና ስለ ጃንጥላውም አንድ ጉድለት እንዲፈልግለት ለመነው። ጃንጥላውን ነፋስ ይገለብጠው ነበር። ተነገረለት፤ ተሸጠ።

የደርግን ዘመን በአጭሩ ልለፈው፤ እሱም ሲያወራ በአጭሩ ነበር የሚያልፈው። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካውና ድርጅቱ ሲወረስ ፉክክር ቀረ። ስኳር በቀበሌ ሕብረት ሱቅ በሰልፍ በሚሸጥበት ጊዜ ሙገሳም ጉድለትም የሚያስፈልገው የለም። እሱም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፍ ቆየ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን የግል ሥራ ሲፈቀድ የራሱን የማስታወቂያ ድርጅት ከፈተና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተቀመጠ። ደንበኛ ሲመጣ ወንበር ይስባል፣ ቡና ያዛል፣ ከዚያ «አንድ ጉድለት ይስጡኝ» ይላል። «የእኔ ዕቃ ጉድለት የለውም» ያለውን ሰው «እንግዲያው ገና አላዩትም፤ አይተውት ይመለሱ» ብሎ እስከ በሩ ይሸኘዋል።

የልጅ ልጆቹ የሚያስታውሱት ግን ቢሮውን አይደለም። በየዓመቱ ለጥር ጊዮርጊስ ይዟቸው እንጅባራ ይወጣል። ፈረሱን ካዩ በኋላ ዘንገና ሐይቅ ዳር ያስቀምጣቸውና ያጫውታቸዋል። ጨዋታው አንድ ብቻ ነው፤ ለማሳያችሁ ነገር ማስታወቂያ ሥሩ።

«ለዘንገና ሥሪለት» አላት አንድ ቀን ትንሿን።

«ዘንገና ሰማያዊ ነው፣ ክብ ነው፣ ዙሪያው ጫካ ነው፣ በጣም ያምራል።»

«ጉድለቱስ?»

ልጅቱ አሰበች። «የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ከዳሩ ትንሽ እንደገቡ ይጠልቃል። ዋና የማይችል ሰው ይሰምጣል።»

«በይ አሁን ሰው ይመጣል» አላትና ቆሎ ዘገነላት። ይቺ ልጅ ስታድግ የእሱን ሙያ ያዘች፤ ድርጅቱም ውስጥ ጸሐፊ ሆነች።

አሁን ወደ አንድ የቆርቆሮ ታሪክ እንምጣ። ይህን ክፍል ቤተሰቡ አይወደውም።

ድርጅቱ አንድ ጊዜ ጨነቀው። የሠራተኛ ደመወዝ ደርሷል፣ የስቱዲዮ ኪራይ ተከማችቷል፣ ከዓመት ወደ ዓመት ያቆዩት ደንበኞች ወደ ርካሹ ሄደዋል። በዚህ መሀል የጣሪያ ቆርቆሮ የሚሸጥ ትልቅ ነጋዴ መጣ። አያትየው እንደ ልማዱ ወንበር ሳበ፣ ቡና አዘዘ፣ አንድ ጉድለት ጠየቀ። ነጋዴው ጉድለት አልሰጠውም፤ ቼክ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ያን ቀን አያትየው እስከ በሩ አልሸኘውም። «ክረምት አይበግረው፣ ዝገት አያውቀው» የሚል ማስታወቂያ ጻፈና በገዛ ድምፁ አነበበው።

እንጅባራ ዳር የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ይህን በሬዲዮ ሰማች። ድምፁን ከልጅነቱ ታውቀዋለች። «የእኛው ልጅ ነው» አለች ለጎረቤቶቿ። «ጉድለት ቢኖረው ኖሮ ይናገር ነበር።» በግ ሸጠች፣ የዓመቱን ድንች ሸጠች፣ የሳር ክዳኗን አፍርሳ ቆርቆሮ መታች። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት። በሁለተኛው ክረምት ቆርቆሮው ወንፊት ሆነ።

አያትየው የሰማው ከሰው አይደለም። ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ቤቷ ገባ፤ ቡና አፈላችለት። ሲኒውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ከላይ አንድ የዝናብ ጠብታ ወርዶ ቡናው ውስጥ ጠለቀ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሴትየዋ ከረከቦቱ ቀና ሳትል «ጉድለቱን ረስተኸው ነው ወይስ አልነገሩህም?» አለችው።

ቡናውን እንዳለ ጠጣው። በሳምንቱ ወፍራም ቆርቆሮ አስጭኖ መጣና ከአናጺው ጋር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምስማር ሲያቀብል ዋለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ በሬዲዮ አልተሰማም። ድርጅቱን ለሌሎች አስረከበና እንጅባራ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። በ2004 ዓ.ም. የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ወጥቶ ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ በሕግ ሲከለከል የድሮ ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ሆነው ደወሉለት፤ ምን ትላለህ አሉት። «ለእኔ አዋጁ ቀደም ብሎ በሲኒ መጥቶልኛል» አላቸው። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም፤ አላብራራላቸውምም።

ዕድሜ ጠግቦ በሰላም አረፈ። የማኅበሩ ፈረሰኞች መጡ፣ እድርተኛው መጣ፣ ከአዲስ አበባ ባልደረቦቹ በአውቶቡስ መጡ። የልጅ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የሕይወት ታሪኩን ስትጽፍ አደረች። ቆርቆሮውን ጽፋው ነበር። የእናቱ ቀብር ላይ አለመገኘቱንም ጽፋው ነበር፤ ቀረጻ ላይ ነበር፣ ሥራውን አቋርጦ አልመጣም። ጎህ ሲቀድ ትልቁ አጎቷ ወረቀቱን ተቀበላት፣ መነጽሩን አደረገ፣ እስክሪብቶ አወጣ። «ለቀብር የሚነበብ ነው እንጂ ለፍርድ ቤት አይደለም» አላትና ሁለቱንም ሰረዛቸው። ልትከራከር አሰበች፤ ግን ሐዘን አዋቂውን ሞኝ ያደርጋል፤ ዝም አለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተነበበ። ደግ፣ ሩህሩህ፣ ታማኝ፣ ለደሃ አባት፣ ለሁሉ መካሪ፣ በዕድሜ ዘመኑ ሰው አስቀይሞ የማያውቅ። እናንተም ሰምታችሁታል። በአገራችን ቀብር ላይ የሚነበበው ሰው ሁልጊዜ ይኸው አንድ ሰው ነው፤ ስሙንና የትውልድ ዘመኑን ብቻ ነው የሚቀይሩለት። ሕዝቡ ፀጥ ብሎ ሰማ። አንዱ መቋሚያውን ከብብት ወደ ብብት አዛወረ፤ አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች። እንባ ግን አልነበረም። ሁሉም ፊቱን ኮስተር አድርጎ አንድ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር።

ንባቡ ሲያልቅ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ሽማግሌው፣ በምርኩዙ እየተደገፈ ወደ ልጅቱ ተጠጋ።

«ልጄ፣ ይህ የተነበበለት ሰው መቼ ነው የሚቀበረው?» አላት። «እኔ የወንድሜ ቀብር ነው ተብዬ ነው የመጣሁት።»

የአዲስ አበባዎቹ በማግስቱ በአውቶቡሳቸው ተመለሱ። ልጅቱ ቀረች። እስከ አርባው ድረስ ቤት ለቤት እየዞረች የአያቷን ጉድለት ለመነች። መጀመሪያ ማንም አልሰጣትም። የነፍስ አባቱ እንኳ «ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ብለው ገሠጿት። «አባቴ፣ ልወቅሰው አይደለም፤ ላገኘው ነው» አለቻቸው። ቄሱ ዝም ብለው ቆዩ። ኋላ ላይ ቅዳሴ ሲረዝምበት ሰዓቱን እየደጋገመ ያይ እንደነበረ፣ ሲነግሩት ደግሞ «ሰዓቴን ሳይሆን ክንዴን ነው የማየው» ይላቸው እንደነበረ እየሳቁ ነገሯት።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። አንዱ ጎረቤት ገበጣ ላይ ጠጠር ይሰርቅ እንደነበር ነገራት። እኔ እግሬ ተሰብሮ በተኛሁበት ዓመት ማታ ማታ ይመጣ ነበር፤ ሳያፍር ከታማሚ ይሰርቃል አለ። ሌላው ኮርቻ ተውሶ እንዳልመለሰ ነገራት። የአዲስ ቅዳም በግ ነጋዴዎች ሳይከራከር ስለሚገዛ አማረሩ፤ እሱ የመጣ ቀን ዋጋው ስለሚሰቀል ሌላው ገዢ ሁሉ እነሱን ሲረግም ይውላል። አንዲት ሴት ደግሞ ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ተኝቶ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ምሥጢሬን አወጣሁበት፤ ለካ ነቅቶ ነበር፤ ግን ለማንም አልተናገረብኝም አለቻት። ልጅቱ ይህን የትኛው ዓምድ ላይ እንደምትጽፈው ቸገራት።

የቆርቆሮዋ ባለቤት ዘንድ ስትደርስ ሴትየዋ እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት። የዛገውን ቆርቆሮ አልጣለችውም፤ የዶሮ ቤት አድርጋዋለች። «ዶሮ ማስታወቂያ አይሰማም» አለች። «አያትሽ በመጣ ቁጥር ከቤት ሳይገባ መጀመሪያ እዚህ ይቆም ነበር። ጣይው ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አልጥልም እለዋለሁ። ተጨቃጭቀን ስናበቃ ቡና እንጠጣለን።»

የሟች ወንድም የመጨረሻው ነበር። ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እስክትጠይቀው አልጠበቀም።

«እናታችን ስትቀበር አልነበረም» አለ።

«አውቃለሁ አባባ።»

«ከሰባት ቀን በኋላ መጣ። መቃብሯ ላይ ሌሊቱን ቆየ አሉ፤ እኔ አላየሁም። ላየውም አልፈለግኩም። ዓመታት አላናገርኩትም። ሰላምታ ሲልክ እመልሳለሁ፣ ልብስ ሲልክ እመልሳለሁ።» ምርኩዙን መሬት ላይ ጫር ጫር አደረገ። «ይቺኛዋን የእኔ ጉድለት ብለሽ ጻፊያት።» ትንሽ አሰበና እጁን አወዛወዘ። «አይ ተይው። የእሱ ላይ ደምሪያት። እሱ ሞቷል፤ አይከብደውም።»

አርባው ቀን ድንኳን ተጣለ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ልጅቱ አዲሱን ወረቀት ይዛ ቆመች። አጎቷ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ሊከለክላት እንዳይችል ወረቀቱን እስከዚያች ደቂቃ አላሳየችውም። ከገበጣው ጠጠር ጀመረች። ድንኳኑ ሳቀ። የቄሱ ሰዓት ሲመጣ ቄሱ ራሳቸው ከሁሉ ይበልጥ ሳቁ። በጉ ሲመጣ ነጋዴዎቹ «እውነት ነው!» እያሉ ጭኖቻቸውን መቱ። ቆርቆሮው ላይ ስትደርስ ሳቁ ቆመ። ቼኩን፣ ማስታወቂያውን፣ ሲኒዋን አንድም ሳታስቀር አነበበችው። ባለቆርቆሮዋ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እሷን ተከትሎ ሌላው አለቀሰ። በአማርኛም በአገውኛም ተለቀሰ፤ ቀብሩ ላይ የተከለከለው እንባ ሁሉ ያን ቀን ወረደ። የእናቲቱ ቀብር ሲነበብ አጎቷም ፊቱን በመሐረቡ ሸፈነ።

«አንድ ጊዜ!» አለ ድንገት የሟች ወንድም ከወዲያ ጥግ ተነሥቶ። «ሰባት ቀን አይደለም፤ ስምንት ነው። አስተካክይ።»

«ራስህ አይደለህ እንዴ ሰባት ነው ያልከኝ?»

«ያኔ አዝኜለት ቀንሼ ነው።»

በዚህ ጉዳይ ላይ ድንኳኑ ለሁለት ተከፈለ። ሰባት ነው የሚሉና ስምንት ነው የሚሉ እየተከራከሩ፣ ሟቹ በስንተኛው አውቶቡስ እንደመጣ፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበረ፣ በጭቃው ውስጥ ጫማውን አውልቆ እንደሄደ እያነሱ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ቆዩ። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አውጥታ የወረቀቱ ጠርዝ እስኪሞላ ጻፈች።

ሰው ሲበተን አንድ የዳንግላ ነጋዴ ወደ እሷ ቀረበ። የአባቱ ሙት ዓመት ደርሷል፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንድትጽፍለት ይፈልጋል፤ የፈለገችውን ይከፍላል።

«ደስ ይለኛል» አለችው። «የአባትህ ጉድለት ምን ነበር?»

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። «አባቴ ጉድለት አልነበረበትም!» ብሎ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል።

«እናቴን ጠየቅኳት» አለ።

«እሺ፣ ምን አሉ?»

«ዐሥራ አንድ ከቆጠረች በኋላ ደክሟት ተኛች። ነገ እቀጥላለሁ ብላለች።»